ስንት ሰው ጠይቃችሁ ነው? ስለ ናሙና ብዛትና ስለ ቁጥሮች እርግጠኝነት

ስለ አገራችን ጉዳይ ስንከራከር ቁጥር ሳይጠቀስ የሚያልፍበት ጊዜ የለም። የድህነት መጠን፣ የሥራ አጥነት፣ የክትባት ሽፋን፣ የእናቶች ሞት... አንዱ ወገን ቁጥሩን የድል ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ሌላው ወገን "የፈጠራ ነው" ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት አንድ ጥያቄ ግን አለ። ይኸውም፣ ቁጥሩን ያወጡት ባለሙያዎች በሐቅና በጥንቃቄ ሠርተዋል ብለን ብንቀበል እንኳ፣ ቁጥሩ በዕጣ ምክንያት ብቻ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ምን ያህል ሊያጋድል ይችላል? የሚለው ነው።

ይህ ጸሐፊ በተሰማራበት በምህንድስና ሙያ አንድ ልኬት ከነስህተት ወሰኑ ካልተጻፈ ሙሉ ልኬት ተብሎ አይቆጠርም። የአንድ የብረት ዘንግ ውፍረት "20 ሚሊሜትር" ተብሎ ብቻ አይሰጥም፤ "ሲደመር ወይም ሲቀነስ ይህን ያህል" የሚለው አብሮት መኖር አለበት። ወደ ሕዝባዊ ክርክር ስንገባ ግን የተማርነውም ሰዎች ሳንቀር ይህን ልማድ እንረሳዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የስህተት ወሰኑ ከናሙናው ብዛት ጋር ምን ዝምድና እንዳለው፣ እንዲሁም ብዛት ብቻውን የማያድንበት ቦታ የት እንደሆነ በተቻለ መጠን በቀላል አማርኛ ማስረዳት ነው።

673 እና 676

ለአብነት ያህል አንድ እውነተኛ ጉዳይ እንውሰድ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ተካሂዷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥናቱ ከሚለካቸው ነገሮች አንዱ የእናቶች ሞት ነው፤ ማለትም በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚሞቱ እናቶች ቁጥር። የአራቱ ጥናቶች ውጤት በቅደም ተከተል 871፣ 673፣ 676 እና 412 ነበር።

እንደሚታወቀው ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተዘርግቶ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች፣ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች፣ በየቀበሌው ተሰማርተዋል። ታዲያ በ2005 ዓ.ም. 673 የነበረው ቁጥር በ2011 ዓ.ም. 676 ሆኖ ሲገኝ ምን እንበል? አንዱ "ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ቀረ፤ እንዲያውም ሞቱ በሦስት ጨመረ" ሊል ይችላል። ቁጥሩ በ2016 ዓ.ም. 412 ሲሆን ደግሞ ሌላው "በአምስት ዓመት በ264 ቀነሰ" ብሎ ሊፎክር ይችላል። ሁለቱም ተናጋሪዎች አንድ ዓይነት ስህተት ሠርተዋል። የጥናቱ ሪፖርቶች ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ያስቀመጡትን ክልል አላነበቡም። ክልሎቹ እነዚህ ናቸው፦

በ2000፦ 871 (ከ703 እስከ 1,039)
በ2005፦ 673 (ከ548 እስከ 799)
በ2011፦ 676 (ከ541 እስከ 810)
በ2016፦ 412 (ከ273 እስከ 551)

ይህ በቅንፍ ውስጥ ያለው የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ይባላል። በ16 ሺህ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዴት ይህን ያህል ሰፊ ክልል ይዞ ይመጣል? ይህን ለመመለስ ከመሠረቱ መነሳት ያስፈልጋል።

የመተማመኛ ክልል ምን ማለት ነው?

በ2011 ዓ.ም. የተጠየቁት 16,515 ሴቶች በዕጣ ከወጡ አካባቢዎች የተገኙ ናቸው። ዕጣው በሌሎች ቀበሌዎች ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሌሎች ሴቶች ይጠየቁ፣ ውጤቱም 676 ሳይሆን ምናልባት 640 ወይም 720 ይሆን ነበር። እውነተኛው የአገሪቱ ቁጥር አንድ ነው፤ ከናሙና ወደ ናሙና የሚዋልለው የእኛ ግምት ነው።

ፖላንዳዊው የሒሳብ ሰው ዬርዚ ኔይማን በ1930ዎቹ ዓመታት ያቀረበው ሐሳብ ይህንን መዋለል ለክቶ በግምቱ ዙሪያ ክልል ማበጀት ነው። 95 በመቶ ሲባል ጥናቱን በተመሳሳይ መንገድ መቶ ጊዜ ደጋግመን ብናካሂድና በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ክልል ብናወጣ፣ ከመቶው ክልሎች ውስጥ 95 ያህሉ እውነተኛውን ቁጥር ያቅፋሉ፣ አምስት ያህሉ ደግሞ ይስቱታል ማለት ነው። የእኛ ክልል ከ95ቱ ይሁን ከአምስቱ አናውቅም። እርግጠኝነቱ የአሠራሩ እንጂ የአንዱ ክልል አይደለም።

የስኩዌር ሩት ሕግ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ናሙናው ሲበዛ ክልሉ ይጠባል፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው። የሚያስገርመው የሚጠብበት ፍጥነት ነው።

አንድ ሳንቲም መቶ ጊዜ ብንወረውር 50 ጊዜ ዘውድ እንጠብቃለን፤ ነገር ግን በተለምዶ ከ50 በ5 ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። አሥር ሺህ ጊዜ ብንወረውር ደግሞ ከ5,000 በ50 ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ውርወራው መቶ እጥፍ ሲያድግ መዛነፉ ያደገው አሥር እጥፍ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ወደ ላይ የሚያዘነብሉት ወደ ታች ከሚያዘነብሉት ጋር ይጣፋሉ። በመቶኛ ስናየው የመጀመሪያው መዛነፍ 5 በመቶ፣ ሁለተኛው ግማሽ በመቶ ነው። መቶ እጥፍ ሥራ አሥር እጥፍ ጥራት ብቻ አስገኘ ማለት ነው። አሥር ደግሞ የመቶ ስኩዌር ሩት ነው፤ በትምህርት ቤት አማርኛ ዳግም ዘር የምንለው።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ የክልሉ ስፋት ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ተካፍሎ ይቀንሳል። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን በአራት፣ በሩብ ለማስቀረት በአሥራ ስድስት ማባዛት የግድ ነው። "አዎ" ወይም "አይደለም" ተብሎ ለሚመለስ ጥያቄ፣ ሕዝቡ እኩል ለእኩል የተከፈለ ከሆነ፣ የ95 በመቶ የስህተት ወሰኑ ይህን ይመስላል፦

100 ሰው፦ ሲደመር/ሲቀነስ 9.8 በመቶ
400 ሰው፦ 4.9 በመቶ
1,000 ሰው፦ 3.1 በመቶ
2,500 ሰው፦ 2 በመቶ ገደማ
10,000 ሰው፦ 1 በመቶ ገደማ

የአሜሪካ የምርጫ ቅድመ ግምቶች ብዙውን ጊዜ 1,000 ሰው አካባቢ የሚቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ከ100 ወደ 1,000 መውጣት ወሰኑን በ6.7 ነጥብ ሲያጠበው፣ ከ1,000 ወደ 10,000 መውጣት ግን የሚያተርፈው 2.1 ነጥብ ብቻ ነው። ወጪው ግን በአሥር እጥፍ ያድጋል።

ናሙናው በጣም ሲያንስ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። በአማካይ ላይ የተመሠረተ ግምት ስንሠራ የምላሾቹን መለያየት ራሱን የምንገምተው ከዚያው ከትንሹ ናሙና ነው፤ እሱም ራሱ ይሳሳታል። ይህንን ያስተዋለው በዱብሊን በጊነስ የቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ጎሴት ነው፤ ግኝቱን በ1908 "ስቱደንት" በሚል የብዕር ስም አሳተመው። በእሱ ስሌት መሠረት ናሙናው ትልቅ ሲሆን በ1.96 የምናባዛውን፣ ናሙናው 10 ሲሆን በ2.26፣ 5 ብቻ ሲሆን በ2.78 ማባዛት አለብን። "አምስት ሰዎች አነጋግሬ አምስቱም..." ብሎ ስለ አንድ ከተማ ሕዝብ የሚደመድም ሰው ሲገጥመን ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

የሕዝቡ ብዛትስ?

"ከመቶ ሚሊዮን በላይ ከሆነ ሕዝብ 1,000 ሰው ጠይቆ ምን ይታወቃል?" የሚል ተቃውሞ በተደጋጋሚ ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙዎች የሚጠብቁት አይደለም። የስህተት ወሰኑን የሚወስነው የተጠየቁት ሰዎች ቁጥር እንጂ ከሕዝቡ ያላቸው ድርሻ አይደለም። ከድሬዳዋ በዕጣ የወጡ 1,000 ሰዎችና ከመላ ኢትዮጵያ በዕጣ የወጡ 1,000 ሰዎች ስለየራሳቸው ሕዝብ የሚሰጡት መረጃ እርግጠኝነቱ አንድ ነው።

ጤፍ የሚገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጤፉ በደንብ የተደባለቀ ከሆነ፣ ጆንያው ትንሽም ሆነ ትልቅ አንድ ጭብጥ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ዘርግቶ ማየት ይበቃዋል። የሚያሳስበው ሻጩ ከላይ ጥሩ ጥሩውን አድርጎ ከሥር ሌላ ነገር ደብቆ እንደሆነ ነው። ስለዚህም ከላይ ብቻ አይዘግንም፤ እጁን ወደ ውስጥ ይሰድዳል።

የሕዝቡ ብዛት ለውጥ የሚያመጣው ናሙናው የሕዝቡን ከፍተኛ ድርሻ ሲይዝ ነው። ለምሳሌ 500 አባላት ያሉት አንድ የመረዳጃ ማኅበር 250 አባላቱን በዕጣ መርጦ ቢጠይቅ፣ የስህተት ወሰኑ 6.2 በመቶ መሆኑ ይቀርና ወደ 4.4 በመቶ ይወርዳል፤ ግማሹን ሕዝብ አነጋግሮታልና። በትናንሽ ማኅበሮቻችን ውስጥ ይህ ጠቃሚ ነው፤ በአገር ደረጃ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ወደ እናቶቹ ቁጥር እንመለስ

16 ሺህ ሴቶች ከተጠየቁ የስህተት ወሰኑ አንድ በመቶ እንኳ መሙላት አልነበረበትም የሚል ይኖራል። "የክትባት ካርድ አለሽ?" ዓይነት ጥያቄ ቢሆን እውነት ነበር። የእናቶች ሞት ግን፣ ምንም እንኳ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ መራራ ሐዘን ቢሆንም፣ በቁጥር ደረጃ አልፎ አልፎ የሚከሰት ነገር ነው። ጥናቱ እያንዳንዷን ሴት ስለ እኅቶቿ ይጠይቃል፦ በሕይወት አሉ? ካልሆነስ መቼና በምን ሁኔታ ሞቱ? በዚህ መንገድ ከሺዎች ቤት ተሰብስቦ የሚገኘው የእናቶች ሞት ቁጥር ጥቂት ነው። የግምቱን እርግጠኝነት የሚወስነው ደግሞ የተጠየቁት ሴቶች ቁጥር ሳይሆን የተገኙት ሞቶች ቁጥር ነው። ለምሳሌ 100 ሞቶች ቢገኙ የተለመደው መዛነፍ 10 ነው፤ የ95 በመቶ ወሰኑ 20፣ ማለትም 20 በመቶ ይሆናል። 25 ሞቶች ብቻ ቢገኙ ወሰኑ 40 በመቶ ይደርሳል።

በዚህ ላይ ቤቶቹ የሚመረጡት በተናጠል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በመጀመሪያ 645 የቆጠራ አካባቢዎች በዕጣ ወጡ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ 28 ቤተሰቦች ተመረጡ። ይህ ለጉዞና ለበጀት ይመቻል። ጎረቤታሞች ግን በመንገዱም፣ በጤና ኬላውም፣ በኑሮውም ይመሳሰላሉ፤ ሃያ ስምንተኛው ቤት የሚነግረን አዲስ ነገር ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ናሙና ከቁጥሩ ባነሰ ናሙና ይመዘናል።

አሁን ሁለቱን ተናጋሪዎች እንመርምር። ሁለት ነጻ ጥናቶችን ስናነጻጽር የእያንዳንዱን ክልል ግማሽ ስፋት ስኩዌር አድርገን፣ ደምረን፣ ስኩዌር ሩቱን እንወስዳለን። የ2005 ግማሽ ስፋት 126 ገደማ፣ የ2011 ደግሞ 134 ገደማ ነው፤ የልዩነቱ ወሰን 184 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በሁለቱ ጥናቶች መካከል የታየው የ3 ጭማሪ በእውነቱ ከ181 ቅናሽ እስከ 187 ጭማሪ ባለው ክልል ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። "ምንም አልተለወጠም" የሚለው ተናጋሪ ጥናቱ ያላለውን ተናገረ። ጥናቱ ያለው "ለውጥ ካለ እኔ ላየው አልቻልኩም" ነው፤ ሁለቱ አባባሎች እጅግ የተለያዩ ናቸው። ከዚህም ባሻገር እያንዳንዱ ቁጥር ከጥናቱ በፊት ያሉትን ሰባት ዓመታት ስለሚመለከት፣ የ2011 ውጤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ገና እየተሰማሩ የነበሩባቸውን ዓመታት ጭምር ያቅፋል። በ3 ነጥብ ላይ ተመሥርቶ ፕሮግራሙ ይዘጋ ቢባል የሚጎዱት በየገጠሩ ያሉ ነፍሰ ጡሮች በሆኑ ነበር።

ከ2011 ወደ 2016 የታየው የ264 ቅናሽስ? በተመሳሳይ ስሌት ወሰኑ 193 ነው፤ እውነተኛው ቅናሽ ከ71 እስከ 457 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅናሽ ለመኖሩ በቂ ማስረጃ አለ፤ መጠኑ ግን በጣም የላላ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ሁለቱ ክልሎች ከ541 እስከ 551 ባለው ላይ ይደራረባሉ፤ ብዙ ሰው "ከተደራረቡ ልዩነት የለም" ይላል። ስሌቱ እንደሚያሳየው ግን ክልሎች በጥቂቱ ተደራርበውም ልዩነቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል።

በአንጻሩ ከ871 ወደ 673 የታየው የ198 ቅናሽ ወሰኑ 210 ያህል ስለሆነ ለብቻው አይጸናም። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ስናነጻጽር ግን ከ871 ወደ 412 ያለው ቅናሽ ከ240 የማያንስ፣ ከ680 የማይበልጥ ሆኖ እናገኘዋለን። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ የእናቶች ሞት በእርግጥ ቀንሷል፤ ይህን ከየትኛውም የፖለቲካ ወገን የሆነ ሰው በቅንነት ሊቀበለው ይገባል።

"ታዲያ ናሙናው ይጨመር" የሚል ካለ ዋጋውን እናስላ። የ2011ን የ20 በመቶ ወሰን ወደ 10 ለማውረድ 66 ሺህ ያህል ሴቶች፣ ወደ 5 ለማውረድ 264 ሺህ ያህል ሴቶች መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። በተቃራኒው አገራዊውን ናሙና በወቅቱ ለነበሩት ዘጠኝ ክልሎችና ሁለት የከተማ አስተዳደሮች እኩል ብናካፍለው፣ የእያንዳንዱ ወሰን በ3.3 እጥፍ ይሰፋል። የ20 በመቶው ወሰን ወደ 66 በመቶ ያድጋል ማለት ነው። "የእኛ ክልል ከእነሱ ክልል በእናቶች ሞት በለጠ" የሚል ክርክር ሲነሳ ይህ ስሌት ከፊታችን ይቁም።

ብዛት የማያድነው ስህተት

እስካሁን ያየነው ስህተት የዕጣ ስህተት ነው። የጤፉ ሻጭ ከላይ ያደረገው ጤፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። "ሊተራሪ ዳይጀስት" የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1936 ዓ.ም. ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋሉ ብሎም ተነበየ። በቀመሩ መሠረት የዚያ ናሙና የስህተት ወሰን ከአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ ያነሰ ነበር። ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፉ። መጽሔቱ ስሞቹን የወሰደው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ መልስ ለመላክ የተጉትም ከቀሩት የተለዩ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ጊዜ ጆርጅ ጋላፕ እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተነበየ።

የሐርቫርዱ የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር ሺያኦ ሊ ሜንግ በ2018 ባሳተሙት ጥናት ይህንን በቀመር አሳይተዋል። በ2016 የአሜሪካ ምርጫ ዋዜማ ከመራጩ 1 በመቶ ያህል፣ ማለትም ወደ 2.3 ሚሊዮን ሰው ቢጠየቅ እንኳ፣ መልስ በመስጠትና በምርጫው መካከል ያለችው እጅግ ትንሽ ዝምድና ያንን ሁሉ ናሙና በዕጣ ከተመረጡ 400 ሰዎች የማይበልጥ እንደምታደርገው አሰሉ። ይባስ ብሎ ናሙናው ሲበዛ የተሳሳተው መልስ ዙሪያ ያለው ክልል ስለሚጠብ፣ በስህተታችን ላይ ያለን እርግጠኝነት ይጨምራል።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። የኤች.አይ.ቪ. ስርጭት ለብዙ ዓመታት ይገመት የነበረው በተመረጡ ጤና ጣቢያዎች ለእርግዝና ክትትል ከሚመጡ ሴቶች ደም ነበር። በዚያ መንገድ ለ2003 የተገመተው 4.4 በመቶ ነበር። በ2005 በዕጣ ከተመረጡ ቤተሰቦች በተወሰደ ምርመራ የተገኘው ግን 1.4 በመቶ ነው። የሁለት ዓመት ለውጥ ይህን ያህል አያወርድም፤ ጣቢያዎቹ ይወክሉ የነበረው ከተማንና የከተማ ዳርን ስለነበረ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን መጨመሩ ይህን ባላረመው ነበር። ሁለተኛውም ጥናት ከእንከን የጸዳ አይደለም፤ ከተመረጡት ወንዶች ሩብ ገደማ አልተመረመሩም።

እኛ በውጭ የምንኖረውም በድረ ገጽ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጠቅ ያደረጉትን መጠይቅ "የዲያስፖራው ድምፅ" ስንል ይህንኑ እናደርጋለን። የሚመልሰው የተቆጨው፣ ጊዜ ያለውና ድረ ገጹን የሚያነበው ነው። ቁጥሩ ቢበዛም የስህተት ወሰን ሊሰላለት አይችልም፤ ቀመሩ የሚሠራው ለዕጣ ነውና።

ምን እንጠይቅ?

አንድ ቁጥር ሲቀርብልን አራት ጥያቄዎችን ብናስቀድም ክርክራችን ይሻሻላል። አንደኛ፣ ሰዎቹ በዕጣ ተመረጡ ወይስ ራሳቸው መጡ? ሁለተኛ፣ ስንት ነበሩ፣ ጉዳዩ አልፎ አልፎ የሚከሰት ከሆነስ ስንት ክስተት ተገኘ? ሦስተኛ፣ የመተማመኛ ክልሉ ከየት እስከ የት ነው? አራተኛ፣ ለውጥ ተብሎ የሚነገረን የልዩነቱ ወሰን ተሰልቶለታል ወይ?

እነዚህን ጥያቄዎች የምንወደውን ቁጥርም የምንጠላውንም እኩል ልንጠይቃቸው ይገባል። የማይጥመንን ቁጥር ብቻ "ስንት ሰው ጠይቃችሁ ነው?" ብለን፣ የሚጥመንን ግን ዝም ብለን የምናሳልፍ ከሆነ፣ እኛም ከላይ ከላይ የምንዘግን ሆነናል። ከ676 ቁጥር ኋላ ያሉት የሰው እናቶችና እኅቶች ናቸው፤ ስለ እነሱ የምንናገረው ሁሉ የምናውቀውንና የማናውቀውን የለየ ሊሆን ይገባዋል።

ቸር ይግጠመን።